የማንም ያልነበረ መሬት

መሬት ሲባል እኛ ኢትዮጵያውያን ጆሯችን ይቆማል። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ሲሉ የኖሩ ሰዎች ልጆች ነን። አያቶቻችን አንድ ክንድ ወሰን ተገፋብን ብለው ዳኛ ፊት ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ሲብስም ደም ተቃብተዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ ጥያቄው አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዙፋን ይዞ ይወድቃል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ከተማ በሰፋ ቁጥር ገበሬ ይነሣል፤ ካሳው ስንት ነው፣ ማን ወሰደው እየተባለ እስከ ዛሬ እንነታረካለን።

ስለዚህ በእኛ አእምሮ ውስጥ "ባዶ መሬት" የሚባል ነገር የለም። የትም ብትቆሙ ከእናንተ በፊት አንድ ሰው ነበረበት። ጎጆው ቢፈርስ፣ አጥሩ ቢነቀል፣ የጓሮው ግራዋ ይመሰክራል።

ታዲያ የዛሬ ጥቂት ዓመት ዱባይ ሄጄ ከዚያ በፊት የማንም ያልነበረ መሬት ላይ ስቆም ግራ ቢገባኝ ይፈረድብኛል?

ፓልም ጁሜይራ ይባላል። ከሰማይ ላይ ሲያዩት የዘንባባ ዛፍ የሚመስል ሰው ሠራሽ ደሴት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ቦታው ውሃ ነበር። ዓሣ እንጂ ሰው አልኖረበትም። 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። 7 ሚሊዮን ቶን ያህል ድንጋይ ከተራራ ተፈልጦ መጣ። አገሩ በረሃ ሆኖ ሳለ የበረሃው አሸዋ ለሥራው አልሆነም መባሉ በጣም ይገርማል። ነፋስ ሲያንከባልለው የኖረ አሸዋ ደቃቅና ድቡልቡል ስለሆነ አይያያዝም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይቆምም። ስለዚህ ከባሕሩ ወለል ላይ በመርከብ እየተመጠጠ ተወሰደ። መርከቦቹ በሳተላይት እየተመሩ አሸዋውን እንደ ቀስተ ደመና ወደ ላይ እየተፉ በተሰመረለት ቦታ ከመሩት። ከዚያም ቤት ሲያርፍበት እንዳይሰምጥ እየተነቀነቀ ተጠቀጠቀ። ዙሪያውን ደግሞ 11 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የማዕበል መከላከያ እንደ ጨረቃ ከበበው።

ለምን በዘንባባ ቅርጽ? ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክብ ደሴት ቢሠሩ ዳርቻው ጥቂት ነው፤ መሃል ላይ ያለ ቤት ባሕር አያይም። ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲያወጡለት ግን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በግራም በቀኝም ባሕር አለው። ነጋዴው የሚሸጠው ዳርቻውን ነውና ዳርቻ አበዛ። እ.ኤ.አ. በ2002 የዱባይ መንግሥት የውጭ አገር ሰው ቤት በባለቤትነት እንዲገዛ ሲፈቅድ፣ ቪላዎቹ ገና ሳይሠሩ ተሸጡ። በ2007 አካባቢ ሰው ገባባቸው።

እውነቱን ልናገርና አደነቅሁ። ከአድናቆቴ ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ደግሞ ይህ ነበር፤ "እነሆ ንጹሕ ሀብት! ማንም አልተነሣ፣ የማንም እርሻ አልተወሰደ፣ ካሳ አነሰኝ ብሎ የሚጮህ የለ። ለካ ባለመሬት ለመሆን ሰው ማፈናቀል ግዴታ አይደለም!" እንደ እኔ ካለ፣ የመሬት ታሪኩ ሁሉ ክስና ለቅሶ ከሆነ አገር ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐሳቡ ደስ እያሰኘኝ እስከ በሩ ድረስ አብሮኝ ሄደ።

በሩ ያልኩት የቅርንጫፉን በር ነው። ወደ ደሴቱ ግንድ ማንም ሰው መግባት ይችላል፤ ሆቴል አለ፣ ሱቅ አለ፣ ከ2009 ጀምሮ ባቡርም አለው። ቪላዎቹ የተደረደሩባቸው ቅርንጫፎች ግን እያንዳንዳቸው ጥበቃ የቆመበት በር አላቸው። እኔን እዚያ ያደረሰኝ የሀብታም ወዳጅነት እንዳይመስላችሁ። የአክስቴ ልጅ ልጅ እዚያ ተቀጥራ ትሠራለች። እናቷ ዱባይ መሄዴን ስትሰማ በርበሬና ሽሮ፣ ከላዩም ትንሽ ቆሎ ቋጥራ "አደራህን በእጇ ስጥልኝ" አለችኝ። አደራ ነውና ታክሲ ይዤ ሄድኩ።

ባለታክሲው ፓኪስታናዊ ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። እሱም እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቻችን ስናወራ ቆይተን ድልድዩን ተሻግረን ደሴቱ ላይ ስንደርስ በእጁ ወደ ፊት ጠቆመና፣ "ይህን ቦታ ውሃ ሆኖ አውቀዋለሁ" አለኝ። በወጣትነቱ የመጣው ለቀን ሥራ ነው። መከላከያው ላይ ድንጋይ ሲደረድሩ ከነበሩት አንዱ ነበር። በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣ።

"ታዲያ አሁን ስትመጣ ምን ይሰማሃል?" አልኩት።

"ተሳፋሪ ካልያዝኩ እዚህ ምን ሥራ አለኝ?" አለ። ቅሬታም ኩራትም አላየሁበትም። እንዲያው የሆነውን ነው የነገረኝ።

በሩ ላይ ጥበቃው የቪላውን ቁጥር ጠየቀ። ስልክ ደወለ። የቤቱ እመቤት የለችም፤ እሷ ሳትፈቅድ እንግዳ አይገባም። ሥራው ነው፤ አልፈረድኩበትም። ልጅቷ በእግሯ መጣች። በዚያ ቀትር ፀሐይ አሥር ደቂቃ ያህል ተጉዛ ላብ በላብ ሆና ደረሰች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኳት። ተቃቅፈን ስናበቃ ገና ስለ እናቷ ጤና ሳትጠይቀኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤት ይግቡ እንኳ ማለት አልቻልኩም" አለችኝ።

እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ሦስት ዓመቷ ነው። ማዳሟ ክፉ አይደለችም፤ ደመወዟን ቀን አታሳልፍባትም፣ ስልክ አትከለክላትም፣ በሳምንት አንድ ቀን ታሳርፋታለች። የእናቷን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው በዚህ ገንዘብ ነው። የእሷ ክፍል ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው፤ መስኮቱ ወደ ግንቡ ነው የሚያየው።

"ባሕሩስ ጥሩ ነው?" አልኳት፣ የምለው ጠፍቶኝ።

"ልጆቹ ሲዋኙ ፎጣ ይዤ እቆማለሁ" አለችኝ።

ቋጠሮዋን ይዛ ተመለሰች። እኔም ባለታክሲው ዘንድ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ያ "ይቅርታ" አልለቀኝ አለ። በእኛ አገር ጭራሮ ጎጆ ያላት ሴት እንኳ በደጇ ላለፈ ሰው "ቤት ለእንግዳ" ትላለች። ቤት ማለት "ይግቡ" የሚሉበት ቦታ ነው። ይህች ልጅ ሦስት ዓመት ያጸዳችውን፣ ያበሰለችበትን፣ ያደረችበትን ቤት በር ከፍታ አንድ ዘመዷን ማስገባት አትችልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ መሆኗ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ይህ መሬት የማን ነው? ሕጉ "የገዛው ሰው ነው" ብሎ ይመልሳል። ከሕጉ ጋር ክርክር የለኝም። ግን ሕግ ዘሎት የሚያልፈው ጥያቄ አለ፤ የገዛው ከሸጠው ገዛ፤ የሸጠውስ ከማን አገኘው?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ሎክ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ ይህንኑ ጠይቆ ነበር። መልሱ ባጭሩ ሲነገር፣ ምድር በመጀመሪያ የሁሉም ነበረች፤ አንድ ሰው ግን ድካሙን ከምድር ጋር ሲቀላቅል፣ ሲያርስ፣ ሲለቅም፣ ያ ነገር የእሱ ይሆናል የሚል ነው። ለሌላውም የሚበቃና እኩል የሚሻል እስከተረፈ ድረስ ማንም ተበደልኩ አይልም። በዚህ መለኪያ ፓልም ጁሜይራ እንከን የለውም ልትሉ ትችላላችሁ። ከጋራው መሬት ላይ መቁረስ ቀርቶ ጭራሽ አዲስ መሬት ጨመረ እኮ! እርግጥ ባሕሩም የሁሉም ነበር የሚል አይጠፋም፤ እሱን ለጊዜው ልተወው። ግን ያው ሎክ እዚያው ላይ፣ ፈረሴ የጋጠው ሣርና አገልጋዬ የቆረጠው አፈር የእኔ ነው የሚል ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። ድካሙ የአገልጋዩ፣ ንብረቱ የጌታው! እንዴት? ቢባል፣ ቀጥሮታላ!

የእኛ ተማሪዎች ሎክን አንብበውም ይሁን ሳያነቡ የያዙት እዚህች ቦታ ላይ ነው። የሚያርሰው ሌላ፣ ሲሶና እኩሌታ የሚወስደው ሌላ እንዴት ይሆናል ነበር ጥያቄው። ባላባቱም መልስ ነበረው፤ "መሬቱን እሱ አልፈጠረው፣ እኔም ከአባቶቼ ወረስኩት" ይል ነበር። እውነት ነው፣ ደጋውንም ቆላውንም የፈጠረ ገበሬ የለም። ፓልም ጁሜይራ ላይ ግን ይህ መልስ አይሠራም። አባት አላወረሰውም፤ ጦር አላስገበረውም። መሬቱ ራሱ፣ ከሥር እስከ ላይ፣ በሰው ድካም የተሠራ ነው። ድካም ባለቤት ያደርጋል የሚለው ሐሳብ በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ እውነት መሆን ቢኖርበት እዚያ መሆን ነበረበት። እኔ ያገኘሁት ሰው ደግሞ ተሳፋሪ ካልያዘ እዚያ ሥራ የለውም።

"ያለ መሐንዲስና ያለ ገንዘብ ድንጋይ መደርደር ብቻውን ደሴት ይሆናል ወይ?" የምትሉኝ አላችሁ። አይሆንም። መርከቡን የተከራየው፣ ንድፉን ያወጣው፣ ገንዘቡን ለአደጋ ያጋለጠው ሁሉ ደክሟል። አደጋውም የወሬ አልነበረም። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጥቶ የዱባይ ቤት ዋጋ ወረደ፤ በኅዳር 2009 የደሴቱ ገንቢ የሆነው ናኪል የሚገኝበት ዱባይ ወርልድ ለአበዳሪዎቹ "ዕዳዬን አቆዩልኝ" አለ። የዚህ ደሴት ታላቅ ወንድም እንዲሆን የተጀመረው ፓልም ጀበል አሊ ለዓመታት አሸዋ ብቻ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ በሉልኝ። ያኔ ከአበዳሪዎቹ ጋር ጠረጴዛ ከበው ተደራደሩ። ሥራው ሲቆም ብዙ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ቲኬት ተቆርጦለት ተሸኘ። በኪሳራው ውስጥ ነበር፤ በድርድሩ ውስጥ አልነበረም።

"ወዶ መጣ፣ ደመወዙን ተቀበለ፣ ተቀጣጠርን፣ ተለያየን" የሚልም አለ። ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም፤ እናቷ ቤት ላይ ያለው ቆርቆሮም ይህንኑ ይመሰክራል። ደሴቱ ባይኖር ያ ቆርቆሮ አይኖርም። ግን "ወዶ" የሚለውን ቃል እስቲ ገልበጥ አድርገን እንየው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኅዳር 2006 በአረብ ኤምሬቶች የግንባታ ሠራተኞች ላይ ባወጣው ሪፖርት፣ ለደላላ በወለድ ተበድረው የመጡ፣ ፓስፖርታቸው የተያዘባቸው፣ ደመወዛቸው ለወራት የቆየባቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸውን አስፍሯል። ማኅበር ማቋቋምና አድማ መምታት አይፈቀድላቸውም። ብዙ መሻሻሉን መደበቅ አይገባም። በበጋው ቀትር ላይ ከቤት ውጭ ማሠራት ተከልክሏል። የቤት ሠራተኞች በ2017 የራሳቸው ሕግ ወጥቶላቸው የሳምንት ዕረፍትና ፓስፖርታቸውን በእጃቸው የመያዝ መብት አገኙ። ጥሩ ነው። ግን ሕግ ሲሻሻል "ወዶ መጣ" የሚለው መልስ ቀድሞም በቂ እንዳልነበረ ያመነ ሰው አለ ማለት ነው።

"ይህ ሁሉ ቅናት ነው" የሚለኝም አይጠፋም። ይሁንና ቪላው ለባለታክሲው ይሰጠው እያልኩ አይደለም። የራሳችን ታሪክ መሬት ነጥቆ መስጠት ብቻውን ሰው እንደማያጠግብ አስተምሮናል። ደመወዝ የሥራን ሰዓት ይገዛል፤ የሠራውን ሰው ለመርሳት ፈቃድ የሚሰጥ ደመወዝ ግን የለም። የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ የማይከፍለው ዕዳ አለ። "ተከፍሎታል" የምትለው ቃል ችግሯ ዕዳው ሁሉ ያለቀ ማስመሰሏ ነው።

የሰፈር ስም ስታዩ ይህ ይገባችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሠራተኛ ሰፈር የሚባል አለ። በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ባለእጆች የሰፈሩበት ነው። ያ ዘመን ለባለእጅ ደግ ነበር አልልም፤ ቡዳ፣ ቀጥቃጭ እያሉ ሲሰድቡት ኖረዋል። ቢሆንም ስሙ ከተማው ላይ ቀርቷል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ሚኒባስ ላይ እንጠራዋለን። የዘንባባው ቅርንጫፎች ስም ግን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው። ፊደል ብቻ። ማን እንደሠራቸው የሚናገር ስም አላየሁም። በሺህ የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበት ሰፈር ደግሞ ከባሕሩ ርቆ፣ ከከተማው ዳር ነው። ሠራተኞቹ ሶናፑር ይሉታል፤ በሂንዲ "የወርቅ አገር" እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው እየቀለደ ይሁን እያለቀሰ እንጃ።

ስለ ደሴቱ ከሰማሁት ሁሉ የማልረሳው አንድ ነገር አለ። መከላከያው መጀመሪያ ሲታሰብ ያለ ክፍተት ደሴቱን የሚከብ ነበር። መሐንዲሶቹ ሲያጠኑት ግን በውስጡ የታጠረው ውሃ በደንብ እንደማይንቀሳቀስ ታወቀ። ያልተንቀሳቀሰ ውሃ ይበላሻል። ስለዚህ መከላከያውን በሁለት ቦታ ከፈቱት፤ ባሕሩ እየገባ እየወጣ ውሃው ይታደሳል። ማዕበልን ለመከላከል ብለው ባሕሩን ፈጽሞ ቢዘጉት ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ዳርቻ ይሸት ነበር። ለውሃው ይህን ያህል ታስቦለታል።

ተመልሼ አዲስ አበባ እንደገባሁ ይህን ሁሉ ለወዳጆቼ በየቡና ቤቱ ተረክሁ። "ወይ አረቦች!" አሉ። እኔም አብሬ "ወይ አረቦች!" ስል ሰነበትኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የግቢያችን በር ተንኳኳ። ራሴ ከፈትኩ። ቀጭን ልጅ ነው፤ ከገጠር የመጣ። በእጁ በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ይዟል። እኛ ቤት የምትሠራው ልጅ ወንድም መሆኑን ነገረኝ። "ቆይ ልጥራልህ" ብዬው በሩን ገርበብ አድርጌ ገባሁ። እሷም ከሰርቪሱ ወጥታ ሄደች፤ ደጅ ቆመው ተነጋገሩ። እኔ ጋዜጣዬን አነሳሁ። ግማሽ ገጽ ያህል ካነበብኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ብድግ ብዬ ወደ በሩ ስሄድ ልጁ የለም። እሷ ቋጠሮዋን ይዛ እየተመለሰች ነበር።

"ለምን አላስገባሽውም?" አልኳት፣ በቁጣ ማለት ይቻላል።

መሬት መሬት እያየች፣ "ይቅርታ ጋሼ፤ ይፈቀዳል አላልኩም" አለችኝ።

አራት ዓመት እኛ ቤት ኖራለች። እኔ ደሴት የለኝም፤ ግቢዬም ሁለት መቶ ካሬ አይሞላም። የልጁን ስም እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር።